የእሺ ፈተና

«እህቴማ ልብስ ስፌት ነው የምትማረው» አለ ወንድም ጋሼ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ሰንቅሮ ካልሲውን እየሳበ። እኔ ከበሩ ወዲህ ኮሪደሩን እወለውል ነበር። መወልወያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እህቱ፣ በጠዋቱ እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻል? አንድ ጊዜ ቢሆን ምናለ! ለአክስታችን ኮምፒውተር ነው ብሏታል። ለአለቃው ነርስነት ነው ብሎታል። ፎቅ ላይ ላለችው ጎረቤታችን ስፌት ነው ስላላት፣ ስፌት ሲል ይህ ሁለተኛው ነው። ይዋሽ፣ አፉ የራሱ ነው፤ የእሱ ውሸት ግን ሥራ የሚሆነው ለእኔ ነው። አክስቴ አልከፈት ያላትን ስልክ በመሃረብ ጠቅልላ መጣች። አለቃው ስለ ሚስቱ ደም ግፊት ሊያማክረኝ ደወለ። ጎረቤቲቱ ዚፑ የተበላሸ ቀሚስ አመጣች። ለሦስቱም እሺ አልኩ። ቀሚሱ እስከ ዛሬ አልጋዬ ስር አለ።

እሺ ማለት በሽታዬ ነው። ቤት ውስጥ ስሜም እሱ ነው። ስሙን ያወጣልኝ ራሱ ወንድም ጋሼ ነው፣ ገና የትምህርት ቤት ቦርሳ ከእኔ በሚበልጥበት ዕድሜዬ። ሲያናድደኝ አልቅሼ፣ አልቅሼ፣ መጨረሻ ላይ «እሺ» ስለምል ነው አሉ። ይኸው ዛሬም «እሺ፣ ውሃ!» ይላል ከሶፋው ላይ። «እሺ፣ ሸሚዜ ተተኮሰ?» ይላል። እማዬም ለምዳዋለች፣ ለእንግዳ ሳይቀር «ይህቺ እሺ ናት» ብላ ታስተዋውቀኛለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አግብቼ፣ ፈትቼ፣ አንድ ሻንጣ ይዤ ወደ እነዚሁ ቤት ከተመለስኩ አራት ዓመቴ። እውነተኛ ስሜን የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ነው።

የምማረውን ልንገራችሁና ይለይልን። የምማረው ማሸት ነው። ማሳጅ። አዎ፣ ማሳጅ! ይህን ቃል ሲሰማ ወንድም ጋሼ እስከ ጆሮው ይቀላል፤ ቀይ መብራትና ወፍራም መጋረጃ ያለበት ቤት ነው የሚታየው። የእኛ ትምህርት ቤት ከጎማ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ሰፊ ክፍል ናት። ስድስት ፍራሽ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ መስኮቱ ግድግዳውን ሊያክል ምንም አልቀረውም፣ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም፣ ከታች የጎማ ሽታ፣ መዶሻና ጫጫታ ይመጣል። የምንማረው ከምሥራቅ አገሮች የመጣ ዘዴ ነው። ሰውየው ልብሱን እንደለበሰ ይተኛል። ዘይት የለ፣ ሻማ የለ። በአውራ ጣታችን፣ በክርናችን፣ አንዳንዴም በጉልበታችን፣ እነሱ ሕይወት የሚሄድበት መንገድ ነው የሚሉትን መስመር ተከትለን ነጥብ በነጥብ እንጫናለን፤ ትንፋሹን ሲያስወጣ እንጫናለን፣ ሲያስገባ እንለቃለን። እውነቱን ለመናገር ሕይወት በየት በኩል እንደምትሄድ እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ግን ጎብጦ የገባ ሰው ቀና ብሎ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ራሴ እዚያ ክፍል ውስጥ ስሆን ቀና እላለሁ።

መምህርታችን ሃያ ዓመት እዚያው ምሥራቅ ኖረው የተመለሱ ሴትዮ ናቸው። ቀጭን፣ ፀጉራቸው ነጭና አጭር፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም የማይሻል። «ቀስ» ከሚል ቃል በቀር የሚያውቁ አይመስሉም። ስንቀመጥ ቀስ፣ ስንነሳ ቀስ፣ ስናዛጋ ሳይቀር ቀስ። ስለዚህ በሌሉበት እትዬ ቀስ እንላቸዋለን። ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ማንንም ሰው ከመንካታችን በፊት «ልንካ?» ብለን እንጠይቃለን፣ «እሺ» እስኪለን ድረስ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንጠብቃለን። ይህን ባስተማሩን ቀን አብሮን የሚማረው ፀጉር አስተካካይ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ለወንዱስ ግድ የለም፣ 'እሽ' ሲባል መታዘዙን ያውቃል» አለ። «ሴቷ ግን 'እሺ' ስትባል በምን ትለያለች? ተፈቀደላት ወይስ እሺኝ ተባለች?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ ስሜ እሺ መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ እንደገና ጀመረ። እትዬ ቀስ ብቻ አልሳቁም። «ለዚህ ነው ሁለተኛው ሕግ ያለው» አሉ። ሁለተኛው ሕግ፣ ሰውየው ከፈቀደ በኋላ የራሳችንን እጅ እንጠይቃለን። እጅ እምቢ ካለ ይነሳል፣ ሰውየው ንጉሥ ቢሆንም ይነሳል። ሌሎቹ በአሥር ወር ውስጥ ትኩሳት ያለበት ሰው፣ አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው ገጥሟቸው አንዳንዴ «እምቢ አለኝ» ብለው ተነስተዋል። እኔ አንድም ቀን። ባለፈው ሳምንት እትዬ ቀስ ወደ ጥግ ወስደው «ያንቺ እጅ እምቢ ማለት አያውቅም። ያሳስበኛል» አሉኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እሺ» አልኳቸው።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ፈተና ነው። ፈታኙ ከሌላ ከተማ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ያለፈ የምስክር ወረቀት ያገኛል፤ ወረቀት ካገኘሁ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ አንድ የአረጋውያን ማረፊያ ይቀጥረኛል። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ አግኝታኛለች፣ የአንዷን አሮጊት ጉልበት ስይዝ አይታኛለች፣ «ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ነይ፣ ክፍልም እዚያው ግቢ አለ» ብላኛለች። ክፍሉን አሳይታኛለች። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ በሩ ላይ የራሱ ቁልፍ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያንን ቁልፍ በሕልሜ ሳይቀር አየዋለሁ። ታዲያ ለፈተናው እያንዳንዳችን አንድ ሰው ይዘን መምጣት አለብን፣ በሕይወታችን አሽተነው የማናውቀው ሰው። እኔ ይዤ የነበረው ያችኑ የቀሚሷን ጎረቤቴን ነው። ዚፑን መጠገን ሲያቅተኝ እውነቱን ነግሬያት፣ ስቃ ስትጨርስ «እንግዲያው ወገቤን ጠግኚልኝ» ብላኝ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ሳልነካት ለዛሬ አቆየኋት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት፣ ግን የቤት ልብሷን እንደለበሰች። ወደ ውስጥ አልገባችም። «ባለቤቴ ሰማ» አለች፣ የበሩን እጀታ እያየች። «ልብስ ስፌት ነው ብሎሽ አልነበር ወንድሟ፣ ማሳጅ ቤት ሄደሽ ልትጋደሚ ነው ወይ አለኝ። እኔ እኮ ምንም አልነበረብኝም፣ ግን ታውቂው የለ... ቀሚሴንም ብትሰጪኝ።» ገብቼ ከአልጋዬ ስር አውጥቼ፣ አቧራውን አራግፌ፣ ከነዚፑ ሰጠኋት። «እሺ» አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ። በሩ ሲዘጋ የጫማ ማስቀመጫው ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ አማረኝ። ተናደድኩም፤ በእሷ አይደለም፣ በባሏም አይደለም፣ ስፌት የምትለዋን ቃል ከአፉ ባወጣው ሰውዬ ነው የተናደድኩት። ሰዓቱ ደግሞ ይሄዳል።

እማዬ ጠረጴዛው ላይ ሻይዋን ይዛ ሁሉንም ሰምታለች። እማዬ ብዙ አታወራም፤ ስኳሩን ስታማስል ብቻ ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ያወራል። ወንድም ጋሼ ከመኝታ ቤቱ ወጣ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከመሪ ሳይነሳ ነድቶ ከትናንት ወዲያ ነው የገባው፣ ዛሬ ዕረፍቱ ነው። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ትናንት «ምን ሆንክ?» ስለው «የፍሪሲዮን እግር ነው፣ ስንቱን ዳገት ረግጫለሁ መሰለሽ» ብሎ ዘግቶኛል።

«ጫማህን አድርግና ሂድላት» አለች እማዬ።

«ወዴት?»

«ፈተናዋ ላይ። የሚታሽ ሰው ጎድሎባታል።»

ማንኪያው ቆመ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንኳ ያን ያህል የሚጮህ አይመስለኝም ነበር። ወንድም ጋሼ እኔን አላየኝም፣ እማዬንም አላያትም፣ የዳቦ ፍርፋሪውን በጣቱ ይሰበስባል። «እኔ? ማሳጅ ቤት?» አለ በመጨረሻ። እማዬ ሻይዋን ፉት አለች። «ስፌት ቤት ነው ብለህ የለ ጠዋት? እንግዲያው ልብስ ልትለካ ሂድ» አለችው። እኔ ከሳቅና ከለቅሶ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ በሕይወቴ አንድ ነገር ለመንኩት፦ «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ቀን። ሌላ አልጠይቅህም።» ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ባቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። «ለነገሩ ይህቺ ባትም ይዛኛለች። ግማሽ ሰዓት ብቻ!» አለ።

ኮፍያ አደረገ። ጥቁር መነፅር አደረገ። የጃኬቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው አነሳ። ባንክ ሊዘርፍ የሚሄድ እንጂ ሊታሽ የሚሄድ ሰው አይመስልም። ታዲያ ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው በኮፍያ ይደበቃል? ገና መታጠፊያው ላይ ጋዜጣ ሻጩ «ሾፌር! ወዴት ነው በጠዋቱ?» አለው። «ስልክ ላሠራ» አለ። ከፋርማሲው በር ላይ «ሾፌር!» ተባለ፤ «ጥርሴን ልታይ» አለ። መሻገሪያው ላይ የድሮ ባልደረባው አቅፎ ትከሻውን ደበደበው፤ ለእሱ «የእህቴን ጓደኛ ልቀበል» አለው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። አሥራ አምስት ደቂቃ በማትሞላ መንገድ ሦስት ቦታ ሄደ። ጎማ ሱቁ ጋ ስንደርስ ደግሞ ባለ ሱቁ ወዳጁ ኖሮ እጁን ዘርግቶ ወጣ። «ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለህ?» «ጎማ» አለ ወንድም ጋሼ። በቃ፣ ጎማ ማየት ተጀመረ። የፊት ነው የኋላ? አዲስ ነው የታደሰ? ዋጋ ሲነገረው «እንዴ! በዚህ ዋጋማ አውቶቡሱንስ አትጨምርልኝም?» ብሎ ክርክር ገባ፣ የማይገዛውን ጎማ። ክርኑን ቆነጠጥኩት። ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር። ደረጃውን ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቆመ፣ የብረቱን መደገፊያ ጨብጦ። አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም። ልቤ ግን ላይ ቤት ነበር።

ሦስት ነን የምንፈተነው። ፀጉር አስተካካዩ ወፍራም አጎቱን አምጥቷል፣ ሌላዋ ተማሪ የባሏን እህት። ፈታኙ ግድግዳውን ተደግፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ጫማውን አውልቆ፣ ወፍራም ደብተር ጭኑ ላይ አድርጎ። የካልሲው ጫፍ ተቀዶ አንዲት ጣት ብቅ ብላለች፤ እሷን ሳይ ትንሽ ቀለለኝ። አርባ ደቂቃ ነው፣ ከትከሻ እስከ እግር ጣት፣ ሁለቱም ጎን፣ ምንም ሳይዘለል። እትዬ ቀስ መስኮቱ ጋ ቆመው ወደ ውጭ ያያሉ። «ጀምሩ» ተባለ። ወንድም ጋሼ በሆዱ ተኝቶ ኮፍያውን ከጭንቅላቱ ላይ አላወረደም። ተንበረከክሁ፣ እጄን ጭኔ ላይ አደረግሁ። «ልንካ?» አልኩት። ከፍራሹ ውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ ወጣ። ወንድም ጋሼ ለእኔ እሺ ሲል በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ነው።

ትከሻው ሳንቃ ነበር። ገመድ የቋጠረበት ሳንቃ። መዳፌን አሳረፍኩ፣ ትንፋሹን ጠበቅሁ፣ ሲያስወጣ ተጫንኩ። አንዴ፣ ሁለቴ። በጀርባው ግራና ቀኝ መስመሩን ይዤ ወረድኩ። መጀመሪያ ሰውነቱ ሁሉ ይጠብቀኝ ነበር፣ ሌባ እንደሰማ ሰው፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሹ ረዘመ፣ ኮፍያው ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ትንሽ ማንኮራፋት ቢጤ ሞከረው። ይህ ጀርባ እኔን፣ እማዬን፣ የሟች አባታችንን መድኃኒት ሳይቀር ተሸክሞ የነዳ ጀርባ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከፊቱ እንጂ ከጀርባው አይቼው አላውቅም። አዘንኩለት፣ ወደድኩት፣ በጠዋቱ የዋሸውንም ትንሽ ይቅር አልኩት። ፈታኙ ሲጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኛል። እጄ ከምንጊዜውም በላይ ያውቅ ነበር። ወገቡን ጨረስኩ፣ ቀኝ እግሩን ጨረስኩ። አስራ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል። ያንን ቁልፍ ጨብጬው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወደ ግራው ተሻገርኩ። የሱሪውን ጫፍ ከፍ ሳደርግ የካልሲው ላስቲክ ጣት የሚያስተኛ ቦይ ሠርቶ ቀርቷል። ባቱ ከቀኙ በግልጽ ይበልጣል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያበራል። እጄ ሳይደርስበት ሙቀቱ መጣብኝ። በመዳፌ ጀርባ ቀኙን ነካሁ፣ ግራውን ነካሁ። ቀኙ እንደማንኛውም እግር ነው። ግራው ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ ነው። እትዬ ቀስ በሦስተኛው ወር ያስተማሩን መጣልኝ፦ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካመመ፣ ሰውየውም ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የሚውል ከሆነ፣ ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ይሆናል፤ ብትጫኑት ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል፤ ሄደ ማለት ሰው ጠፋ ማለት ነው። ግን ጡንቻም ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት ፍሪሲዮን የረገጠ እግር ቢያብጥ ምን ይገርማል? ከላይ ከላይ ዳበስ አድርጌ ባልፈውስ? ማን ያውቃል? ወንድም ጋሼ ከእንቅልፉ ነቃ። «አዎ፣ እዚያ ጋ ናት» አለ። «እሷን ጠንከር አድርገሽ እሺ!»

እሺ። ስሜ፣ መልሴ፣ ሥራዬ፣ በአንድ ቃል። አውራ ጣቶቼ ራሳቸው ተነስተው ነበር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ለዚህች ቃል ሲነሱ ኖረዋል። ጭኔ ላይ መለስኳቸው። እጄን ጠየቅሁት።

«እምቢ» አልኩ።

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ወንድም ጋሼ ኮፍያውን ገፎ ዞረ። «ምን አልሽ?» «እምቢ አልኩ ወንድም ጋሼ። ይህን እግር አልነካውም። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።» ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ትቀልጃለሽ እንዴ? ስንት ሰው ዋሽቼ፣ የማልገዛውን ጎማ ተከራክሬ፣ እዚህ ተጋድሜልሽ፣ የሚያመኝን ስነግርሽ እምቢ? እሺን ምን ነካት ጎበዝ!» ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ደግ ልቡ አያስችለው፣ ከአጎቱ ተነስቶ እየተንፏቀቀ መጣ። «ልሞክርልህ ሾፌር? የእኔ እጅ ጠንካራ ነው» አለና አውራ ጣቱን ዘረጋ። ወንድም ጋሼም እግሩን አቀበለው። መሃላቸው ገባሁ። በሁለት ክንዴ ያንን እግር ከልዬ «እጅህን ሰብስብ!» ብዬ ጮህኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ጮሆ አያውቅም። ከታች የጎማው መዶሻ እንኳ ቆመ።

ፈታኙ ሰዓቱን አየ። «ትቀጥያለሽ ወይስ ታቆሚያለሽ?» አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ ሳያዝንም። ክፍሉን አየሁ፣ ወንድሜን አየሁ። «አቆማለሁ» አልኩ። አንድ ነገር ጻፈ፣ ደብተሩን ከደነ። የአሥር ወር ልፋቴ እዚያ ደብተር ውስጥ ሲዘጋ ሰማሁት። እትዬ ቀስ ከመስኮቱ መጥተው ተንበረከኩ፣ የመዳፋቸውን ጀርባ ባቱ ላይ አሳረፉ፣ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በሕይወታቸው ያላሉትን አሉ።

«ቶሎ!»

ያ ቃል ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ወንድም ጋሼ ራሱ ደነገጠ። በፀጉር አስተካካዩና በአጎቱ ትከሻ ተደግፎ ደረጃውን ወረደ። ባለ ጎማው ሮጦ መኪናውን አስነሳ። «ጎማውን ትተኸው ነው እንዴ የምትሄደው?» ይለዋል እየነዳ፣ ሊያስቀው። ማንም አልሳቀም።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ አግዳሚው ሁሉ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወንድም ጋሼን ቀድመው አስገቡት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ መነፅሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታለች። ቀዝቃዛ ነገር ባቱ ላይ ቀብታ በመሣሪያ አየች፣ እንደገና አየች፣ ከዚያ ፈጠን ብላ መርፌ አዘዘች። ደም ረግቷል፣ ትልቅ ነው፣ ይተኛል አለች። ተጋድሞ በአልጋ ወደ ኮሪደሩ ሲያወጡት ካርዱን እየሞላች ጠየቀች። «ይህን እግር ያሸው ሰው አለ?»

«የለም» አለ ወንድም ጋሼ። «እሺኝ ብላት እምቢ አለችኝ።»

«ማን?»

«እህቴ።»

ሐኪሟ ዞረችብኝ። «የጤና ባለሙያ ነሽ?» ኮሪደሩ ሁሉ ያዳምጣል፣ ሕመምተኛ ሌላ ሥራ የለውም። ወንድም ጋሼን አየሁት። ነርስ ናት ይላል ብዬ ጠበቅሁ፣ ያቺ ውሸት ተዘጋጅታ ተቀምጣለች፣ ለአለቃው ብሎት የለ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ጣሪያውን አየ። እንግዲያው እውነቱን እኔው ልናገር አልኩ። «ማሳጅ ነው የምማረው» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አንድ ሁለት ሰው ሳል ሳል አደረገው። ሐኪሟ ግን ብዕሯን አቆመች። «አስተማሪሽን አመስግኚልኝ» አለች። «ጠንከር ተደርጎ ታሽቶ ቢሆን ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ተወችው፣ በብዕሯ ጫፍ ደረቱን ብቻ አመለከተች። ወንድም ጋሼ ብዕሯን በዓይኑ ተከትሎ ደረቱን አየ።

ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። ቧንቧው አልዘጋም ብሎ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከጎናችን ያለው ሽማግሌ ሬዲዮኑን ሆዱ ላይ አድርጎ ተኝቷል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እማዬ መጣች፣ ግንባሩን ሳመችው፣ «ልብሱን ተለካህ?» አለችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሄደች። እሱ ሊናገር ይልና ትራሱን ያስተካክላል። ስለ ፈተናው አላስብም ብዬ ነበር፣ ግን የማረፊያው መስኮት በዓይኔ ይመጣል፤ እሱን እምቢ በማለቴ አልጸጸትም፣ ቁልፉን ግን አሁንም እፈልገዋለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው። «ፈተናውስ?» አለ ድንገት፣ ወደ ግድግዳው እያየ። «አልጨረስኩም» አልኩት። «ታዲያ?» «ታዲያማ የሚመጣው ዓመት ነው።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ቀስ ደወሉ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው «አልጨረሰችም» የሚል ነው፣ ያላለቀ ፈተና ደግሞ ወረቀት አያሰጥም። «ግን ፈታኙን ቀስ ብዬ አነጋገርኩት» አሉኝ። እስከ ነገ እኩለ ቀን እዚሁ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አሽቼው የማላውቅ ሌላ ሰው ይዤ ከመጣሁ ያየኛል። «ሰው አለሽ?» አሉ። የእማዬን ጉልበት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሳሽ ኖሬአለሁ፣ እሷ አትሆንም። አክስቴ የኮምፒውተር ተማሪ መሆኔን ነው የምታውቀው። ጎረቤቴን ባሏ ከልክሏታል። «እፈልጋለሁ እትዬ» አልኩ። ስልኩን እንደዘጋሁ ወንድም ጋሼ ምን አሉሽ አለኝ፣ ነገርኩት። «ውሃ ግዢልኝ» አለ ብቻ። እሺ አልኩና ወረድኩ፤ ይህችኛዋ እሺ አልከበደችኝም።

ውሃውን ይዤ ስመለስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። እንደ ጠዋቱ ከበሩ ወዲህ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ በመወልወያው ፈንታ ጠርሙሱን ይዤ።

«እህቴማ ማሳጅ ነው የምትማረው!» ይላል ወንድም ጋሼ፣ የሽማግሌውን ሬዲዮ በሚያስንቅ ድምፅ። «ማሳጅ! ስፌት ያልኩህ ውሸቴን ነው፣ በቃ፣ ዋሸሁ። ምን ያስቅሃል? ... ስማኝ አንተ ሰውዬ፣ ወገቤ ወገቤ እያልክ በየመናኸሪያው ስታለቅስ አልነበር? ነገ ሦስት ሰዓት፣ ከጎማ ሱቁ በላይ። አትዋሸኝ፣ ነገ ዕረፍት ነህ፣ እኔ አውቃለሁ። ከአንተ በፊት ለአራት ሰው ደውዬ ሁሉም ፈሪ ናቸው። ትተኛለህ። ልንካ ብላ ትጠይቅሃለች። እሺ ትላለህ። አለቀ።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንድ ነገር ይናገራል። ከዚያ ወንድም ጋሼ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለው። «ድንገት እምቢ ካለችህ እንዳትከራከራት። ጫማህን አድርገህ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂድ።»